ሯጩ ውሃ ዳር ሲደርስ

የአንባብያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ዕድሜዬ 41 ነው። ከአንድ የሩጫ ክለብ ጋር ለዓመታት ስሮጥ ቆይቻለሁ፤ 5 ኪሎ ሜትር በ22 ደቂቃ እገባለሁ፣ ግማሽ ማራቶንም ሮጫለሁ። የክለባችን ልጆች ለስፕሪንት ትራያትሎን ሲመዘገቡ እኔም በሞቅታ ስሜን አስገባሁ፦ 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ። የቀረኝ 12 ሳምንት ነው። ብስክሌት ከባለቤቴ ወንድም ተውሻለሁ። ዋናው ጭንቀቴ ዋናው ነው። የ25 ሜትሩን ገንዳ በነጻ ቀዘፋ አንዴ ደርሼ ስመለስ ሳንባዬ የሚፈነዳ ይመስለኛል፤ የእኔን ግማሽ ያህል እንኳ መሮጥ የማይችሉ ሰዎች ግን አጠገቤ ሳያለከልኩ ይመላለሳሉ። የክለብ ጓደኛዬ «ከውሃው በሕይወት ውጣ እንጂ ሩጫው ላይ ሁሉንም ትለቃቅማቸዋለህ» ይለኛል። እውነቱን ነው? በቀረኝ ጊዜስ ምን ላድርግ?
ውሃ ያስጨነቀው ሯጭ

መልስ፦ ጓደኛዎ ሯጭ ነው፤ ያስታውቃል። ሯጭ ትራያትሎንን የሚያየው ሁለት መሰናክል ከፊቱ እንደተቀመጠበት የ5 ኪሎ ሜትር ውድድር አድርጎ ነው። እስቲ ሂሳቡን አብረን እንሥራው። በእርስዎ ሁኔታ ያለ ጀማሪ በደንብ ከተዘጋጀ 750 ሜትሩን በ20 ደቂቃ አካባቢ ይዋኛል። ብስክሌቱ በሜዳማ መንገድ ከ40 እስከ 48 ደቂቃ ይወስዳል። ሩጫው፣ እግሩ የደከመ መሆኑን አስበን፣ 24 ወይም 25 ደቂቃ ቢሆን ነው። ጫማና ቁሳቁስ የሚቀየርበትን ጊዜ ይጨምሩበት። ከጠቅላላው ጊዜ ግማሽ ያህሉ ብስክሌት ላይ ያልፋል፤ ሩጫው ሩብ ገደማ ነው። በሩጫው ከአንዱ ተወዳዳሪ ሁለት ደቂቃ ቢፈጥኑ ደስ ይላል፤ ብስክሌት የለመደ ሰው ግን እነዚያን ሁለት ደቂቃዎች መንገዱ ሳይጋመስ ወስዶብዎታል። ስለዚህ ጥቂቶችን ይለቅማሉ፤ ሁሉንም ግን አይለቅሙም።

ይህን የምለው ተስፋ ላስቆርጥዎ አይደለም። ስፖርቱ ራሱ ከሯጮች ቤት የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 25 ቀን 1974 በካሊፎርኒያ፣ ሳንዲያጎ ከተማ፣ ሚሽን ቤይ በተባለው ስፍራ ትራያትሎን የሚለውን ስም ይዞ የተካሄደውን ውድድር ያዘጋጁት የሳንዲያጎ ትራክ ክለብ አባላት የሆኑት ጃክ ጆንስተንና ዶን ሻናሃን ነበሩ፤ 46 ሰዎች ተሳትፈዋል። የዚያን ቀን መጀመሪያ የመጣው ሩጫው ነበር። ዛሬ ዋናው የሚቀድምበት ምክንያት ለማንም ግልጽ ነው፦ የደከመ ሯጭ መንገድ ዳር ይቀመጣል፣ የደከመ ዋናተኛ ግን የሚቀመጥበት የለውም።

እንግዲህ የሩጫ ዓመታትዎ የሰጡዎትን ልብና ሳንባ ይዘው ይምጡ፤ የሯጭነት ጠባይዎን ግን ለመጨረሻው 5 ኪሎ ሜትር ያቆዩት። ሯጭ ሲከብደው ይጨምራል። መም ላይ ይህ ያስመሰግናል። ውሃ ግን ከአየር 800 እጥፍ ያህል ጥግግት አለው፤ ፍጥነትዎን ትንሽ ሲጨምሩ እሱ መቋቋሙን በብዙ ይጨምራል። በጉልበት የገባበትን ሰው ያደክመዋል፤ ቀጭን ሆኖ፣ ተዘርግቶ፣ ሳይቸኩል የገባውን ያሳልፈዋል። አጠገብዎ ሳያለከልኩ የሚመላለሱት ሰዎች ይህን ያወቁ ናቸው፤ ሌላ ምስጢር የላቸውም።

50 ሜትር ላይ የሚያስጨንቅዎት የአቅም ማነስ አይደለም። 5 ኪሎ ሜትር በ22 ደቂቃ የሚሮጥ ሰው አቅሙ ሞልቷል። አንዱ ችግር አተነፋፈስ ነው። ጀማሪ ፊቱ ውሃ ውስጥ እያለ ትንፋሹን ይይዛል፤ ከዚያ ጭንቅላቱን ሲያዞር በዚያች ቅጽበት ሊያወጣም ሊያስገባም ይሞክራል። ጊዜው ለሁለቱ አይበቃም። አሮጌው አየር ሳይወጣ አዲሱ ይደረብበታል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፤ ያ «መሞቴ ነው» የሚያሰኘው ስሜት በአብዛኛው የሚመጣው ከዚህ ክምችት ነው እንጂ ኦክስጅን አልቆብዎ አይደለም። ፊትዎ ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ሳያቋርጡ አረፋ ያውጡ፤ በአፍንጫ ይሁን በአፍ ግድ የለም። ጭንቅላትዎ ሲዞር የሚቀርዎት ማስገባት ብቻ ይሆናል። ይህን አንገትዎ ድረስ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ግድግዳ ይዘው፣ ሳይዋኙ፣ እስኪሰለቹ ድረስ ይለማመዱት። አሰልቺ ነው፤ ግን ከምንም ነገር ይበልጥ የሚጠቅምዎ እሱ ነው።

ሌላው ችግር እግር ነው። የሯጭ ቁርጭምጭሚት መሬት ረግጦ ለመፈናጠር የጠነከረ ነው፤ ውሃ ውስጥ ግን የእግር ጣቶች ወደ ኋላ ሊዘረጉ ይገባል። ካልተዘረጉ እግሩ ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይጎትታል። እኔ ገንዳ ዳር ቆሜ ሯጮችን ሳለማምድ፣ የመለማመጃ ሰሌዳ ይዘው በእግራቸው ብቻ ሲመቱ ወደ ፊት መሄዱ ቀርቶ ወደ ኋላ የሚንሸራተቱ አይቻለሁ፤ ከመካከላቸው ማራቶንን ከ3 ሰዓት በታች የሚገባ ነበረበት። እንዲህ ያለው ሰው የሚያደርገው ምን መሰለዎት? የበለጠ ይመታል። የጭን ጡንቻ ደግሞ ከሰውነት ሁሉ ትልቁና ኦክስጅን የሚበላው ነው፤ 20 ሜትር ሳይሄድ ያልቅበታል። እርስዎ ይህን አያድርጉ። ወደ ፊት ሳይሆን ቀጥታ ወደ ገንዳው ወለል ይመልከቱ፤ ጭንቅላት ሲነሳ ዳሌ ይሰምጣልና። ደረትዎን በትንሹ ወደ ታች ይጫኑ። እግርዎ ከዳሌ ተነስቶ ዝግ ባለ፣ ጠባብ ምት ሚዛን ይጠብቅ፤ የመግፋቱን ሥራ ለእጅዎ ይተዉለት።

በሳምንት አንድ ጊዜ ረጅም ሰዓት ከመዋኘት ሦስት ጊዜ አጭር አጭር መዋኘት ይሻላል፤ ሰውነት የውሃ ስሜትን ቶሎ ይረሳል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ርቀት አይቁጠሩ። 25 ሜትር ይዋኙ፣ ትንፋሽዎ እስኪረጋ ይቁሙ፣ ይድገሙ። ከተቻለ ጥቂት ቀን አሠልጣኝ ይቅጠሩ፤ ካልተቻለ የሚያውቅ ሰው በስልክ ቪዲዮ ይቅረጽዎት፤ ውሃ ውስጥ የተሠራውንና የመሰለዎትን አነጻጽረው ሲያዩ ይደነግጣሉ። ከዚያ 50፣ ቀጥሎም 100 ሜትር እየደጋገሙ፣ በስምንተኛው ሳምንት አካባቢ 400 ሜትር ሳያቆሙ ለመዋኘት ያቅዱ፤ ከውድድሩ ሁለት ሳምንት በፊት 800 ሜትር ከቻሉ ተዘጋጅተዋል። ፍጥነቱ አያሳስብዎ።

ውድድሩ ሐይቅ ወይም ባሕር ላይ ከሆነ አስቀድመው ከሰው ጋር እንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ይግቡ፤ ብቻዎን በፍጹም አይግቡ። ገንዳ ውስጥ ከታች የሚመራዎት ጥቁር መስመር እዚያ የለም። በየጥቂት ቀዘፋው ዓይንዎን ብቻ ከውሃው በላይ ብቅ አድርገው ተንሳፋፊ ምልክቱን ካልፈለጉ 750 ሜትሩ 900 ይሆንብዎታል። ቀዝቃዛ ውሃ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ትንፋሽ ይነጥቃል፤ ይህ የሰውነት ጠባይ ነው፣ ያልፋል። ፊትዎን አርጥበው፣ ቀስ ብለው ገብተው፣ እስኪያልፍ ተንሳፈው ይጠብቁት። የሚያንሳፍፈው ወፍራም የዋና ልብስ፣ ዌትሱት የሚባለው፣ ከተፈቀደ ለሯጭ ትልቅ በረከት ነው፤ ያንን የሚሰምጥ እግር ወደ ላይ ያነሳለታል። በዓለም ትራያትሎን ፌዴሬሽን ደንብ መሠረት ግን በአማተር ምድብ፣ በዚህ ርቀት፣ የውሃው ሙቀት ከ22 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ አይለበስም። የሚዋሱ ወይም የሚከራዩ ከሆነ ከውድድሩ በፊት ይዋኙበት፤ አንገት ላይ ማነቁንና ሲወልቅ ማስቸገሩን በዕለቱ ማወቅ አይገባም።

የመነሻው ጥሩንባ ሲነፋ ከጎን ወይም ከኋላ ይቁሙ። እዚህ ላይ ነው የሯጩ ጠባይ የሚፈታተንዎ፤ በሩጫ ሁልጊዜ ፊት የሚሰለፉ ሰው ነዎትና። የመጀመሪያውን 100 ሜትር ከሌላው ሁሉ ዝግ ብለው ይዋኙ። ቢጨንቅዎ ደንቡ በማንኛውም ዓይነት ቀዘፋ መዋኘት ይፈቅዳል፤ በጀርባዎ መተኛት፣ ተንሳፋፊ ምልክቱን ወይም የቆመ ጀልባ ይዞ ማረፍም ይቻላል፤ ይዘውት ወደ ፊት እስካልሄዱ ድረስ አይቀጡም። እርዳታ ከፈለጉ አንድ እጅ ወደ ላይ ያንሱ።

ብስክሌቱን በአጭሩ ልለፈው። ብስክሌቱ የተውሶ ስለሆነ መጀመሪያ መቀመጫውን ያስተካክሉ፦ ተረከዝዎ ፔዳሉ ላይ ሆኖ ፔዳሉ ከታች ሲደርስ ጉልበትዎ ቀጥ ሊል ይገባል። ፍሬኑንና የጎማውን አየር ያስመርምሩ። መሪውን በአንድ እጅ ይዘው ውሃ መጠጣትን፣ መስመር ሳይለቁ ወደ ኋላ ማየትን ባዶ ሜዳ ላይ ይለማመዱ። ሯጮች ከባድ ማርሽ ይወዳሉ፤ ትግሉ የሥራ ስሜት ስለሚሰጣቸው ይመስለኛል። ቀለል ባለ ማርሽ በደቂቃ ከ85 እስከ 95 ጊዜ ፔዳሉን ማዞር ጭንዎን ለሩጫው ያተርፍልዎታል። አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ከቻሉ ልኩ ላይ ነዎት። ደግሞም በአማተር ውድድሮች በአብዛኛው ከፊት ያለውን ብስክሌት ጀርባ ተጠግቶ ነፋስ መከለል ክልክል ነው፤ በዚህ ርቀት የሚፈለገው ክፍተት ብዙውን ጊዜ 10 ሜትር ነው። በሩጫ ከሰው ጀርባ መደበቅ ለለመደ ክለበኛ ይህ ይረሳል፤ ዳኛው ግን አይረሳም።

ሩጫዎን በሳምንት ወደ ሦስት ያውርዱ፦ አንድ ፈጣን፣ አንድ ረዘም ያለ፣ አንድ ደግሞ ከብስክሌት እንደወረዱ ወዲያውኑ የሚሮጡት 10 ወይም 15 ደቂቃ። ሦስተኛውን ለማንም አይሽጡት። ከብስክሌት ሲወርዱ እግርዎ የሌላ ሰው ይሆናል፤ ባትዎ ይደነዝዛል፣ ጭንዎ አልታዘዝ ይላል። የሚገርመው የፍጥነት ስሜትዎም ይዛባል፤ ብስክሌቱ ስላስለመደዎ የሚሳቡ እየመሰለዎ ከልክ በላይ ይፈጥናሉ። በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ከለመዱት ፍጥነት 15 ሰከንድ ያህል ዘግየት ይበሉ። ከዚያ በኋላ ጓደኛዎ እንዳለው ይልቀሙ፤ ከፊትዎ ሰው አይጠፋም።


ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 24 ነው፤ ለአንድ ክለብ 10 ኪሎ ሜትር እሮጣለሁ። ለመጀመሪያ ስፕሪንት ትራያትሎን እየተለማመድኩ መሆኑን ሲሰማ አሠልጣኜ ተቆጣ። «ዋና ትከሻሽን ያሳብጣል፣ ብስክሌት ጭንሽን ያከብዳል፣ ሩጫሽ ያልቃል» አለኝ። ልተወው?
በሁለት ልብ ያለች

መልስ፦ አሠልጣኝሽ ግማሽ እውነት ይዟል፤ የያዘው ግማሽ ግን እሱ የተናገረው አይደለም። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን በመዋኘት በጥቂት ወራት ትከሻ አያብጥም። ቢያብጥማ ገንዳው ውስጥ የሚመላለሱት ጡረተኞች ሁሉ ጡንቸኞች በሆኑ ነበር። ብስክሌትም ጭን ላይ እንዲህ በቀላሉ ሥጋ አይጨምርም። የሚጎዳሽ ሌላ ነው፦ ድካም። ማክሰኞ ጠዋት ጠንክረሽ ዋኝተሽ ማታ መም ላይ ስትወጪ ፈጣኑ ልምምድ ፈጣን አይሆንም። እንዲህ እየሆነ ሳምንታት ካለፉ ሩጫሽ በእርግጥ ይደነዝዛል፤ አሠልጣኝሽም «አላልኩሽም?» ይላል።

ከፍተኛው ደረጃ ላይ ያሉትን ተመልከቺ። አሜሪካዊቷ ግዌን ጆርጀንሰን በዩኒቨርሲቲ ዋናተኛና ሯጭ ነበረች፤ በሂሳብ ባለሙያነት እየሠራች ሳለ ነው ወደ ትራያትሎን የገባችው። እ.ኤ.አ. በ2012ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ጎማዋ ተበስቶ 38ኛ ወጣች፤ በ2016 ሪዮ ላይ በሩጫዋ ወርቁን ወሰደች። እንግሊዛዊው አሌክስ ዪ እ.ኤ.አ. በ2018 የአገሩን የ10,000 ሜትር ሻምፒዮና ከ28 ደቂቃ በታች ሮጦ ያሸነፈ ሰው ነው፤ በ2024 ፓሪስ ላይ የትራያትሎን ወርቅ ያገኘው በመጨረሻዎቹ ጥቂት መቶ ሜትሮች የኒውዚላንዱን ሄይደን ዋይልድን ቀድሞ ነው። ዋናና ብስክሌት ሩጫ ቢገድሉ ኖሮ እነዚህ ሰዎች አይሮጡም ነበር። እርግጥ ነው፣ እነሱ ከልምምድ ሌላ ሥራ የላቸውም፤ አንቺ አለሽ።

እኔ ብሆን አሠልጣኜ ዘንድ ሄጄ ሁለት ነገር እነግረው ነበር። ፈጣኑንና ረጅሙን ሩጫ አልነካም፤ የምተካው ቀላል ሩጫዎቹን ብቻ ነው። አጥንትና ጅማት ሳይመታ ልብና ሳንባ የሚሠራበት ሰዓት ለሯጭ ስጦታ ነው፤ በቅልጥም ሕመም ተሠቃይቶ የሚያውቅ ይህን ለማንም ሳያስረዳ ያውቀዋል። ሁለተኛ፣ የክለቡ ትልቁ የ10 ኪሎ ሜትር ውድድር ካለሽ ትራያትሎኑን ከእሱ በኋላ አድርጊው። ይህን ሰምቶም ከተቆጣ፣ ቁጣው ስለ ትከሻሽ አይደለም።


ጥያቄ፦ የ52 ዓመት ሴት ነኝ። ከሴቶች የሩጫ ክለብ ጋር ቀስ ብዬ እሮጣለሁ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ በደረት ቀዘፋ እዋኛለሁ፤ ነጻ ቀዘፋ አልሆንልኝ ብሏል። ልብስ የት ነው የሚቀየረው? ምን ልልበስ? ደግሞስ ከውሃው መጨረሻ ብወጣ ያፍሩብኛል?
የዘገየች ጀማሪ

መልስ፦ ልብስ አይቀየርም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ልብስ ነው፤ ለትራያትሎን የተሰፋ ካለ መልካም፣ ከሌለም የዋና ልብስ ላይ ስስ ቁምጣ መደረብ ይበቃል። ትልቅ ፎጣ ሥር የሚደረግ መለዋወጥ እዚያ አይሠራም፤ ራቁትነት በደንቡ ያስቀጣል፣ ድንኳንም ብዙ ጊዜ የለም። ካልሲ ማድረግ ግን የተፈቀደ ነው። እርጥብ እግር ካልሲ አልቀበል ስለሚል ትንሽ የገላ ፓውደር ይነስንሱበት። «ካልሲ ጊዜ ይገድላል» የሚሉዎትን አይስሟቸው። በለንደን ኦሊምፒክ የሴቶች ትራያትሎን ኒኮላ ስፒሪግና ሊሳ ኖርደን ሁለቱም በ1 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ገብተው አሸናፊዋ በፎቶ ነው የተለየችው፤ ለእነሱ የካልሲ ሰከንድ ወርቅ ነው። ለእርስዎ 5 ኪሎ ሜትር በቆሰለ ተረከዝ መሮጥ ይብሳል።

በመቀየሪያው ቦታ ብስክሌቱ ዘንግ ላይ ይሰቀላል፤ ጎኑ ትንሽ ፎጣ አንጥፈው ዕቃዎን በሚጠቀሙበት ቅደም ተከተል ያስቀምጡ። ጠዋት ከመግቢያው ጀምረው የራስዎ ዘንግ ድረስ በእግርዎ ሄደው ይዩት፤ ከውሃ የወጣ ሰው ዓይኑ ይጭበረበራል፣ ብስክሌቶቹም ሁሉም አንድ ይመስላሉ። ከምንም በላይ ይህን ይያዙ፦ ብስክሌቱን ከዘንጉ ከማንሳትዎ በፊት የራስ ቁርዎ ተደርጎ ማሰሪያው መቆለፍ አለበት፤ ሲመለሱም ብስክሌቱ ተመልሶ እስኪሰቀል ድረስ አይፈታም። ብስክሌቱን እየገፉ መሬት ላይ እስከተሰመረው መስመር ይሄዳሉ፤ ከመስመሩ በኋላ ነው የሚወጡት፣ ሲመለሱም ከመስመሩ በፊት ነው የሚወርዱት። ጀማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚቀጡት በእነዚህ ነው። የመወዳደሪያ ቁጥርዎን ወገብ ላይ በሚታሰር ላስቲክ ያንጠልጥሉት፤ ብስክሌት ላይ ወደ ኋላ፣ ሩጫ ላይ ወደ ፊት ያዞሩታል። የጫማዎን ማሰሪያ በላስቲክ ክር ቢቀይሩት በቀዘቀዘ ጣት ከመታገል ይድናሉ። የጆሮ ማዳመጫ ቤት ይቅር፤ ክልክል ነው።

ስለ ደረት ቀዘፋው፣ ማንም ምንም አይልዎትም፤ እንዲያውም ፊትዎ ከውሃው በላይ ስለሚሆን ተንሳፋፊ ምልክቱን ከሌላው በተሻለ ያያሉ። ሰፊው የእግር ምትዎ ሌላ ሰው እንዳይመታ ብቻ ከዳር በኩል ይዋኙ። መጨረሻ ስለ መውጣት የሚጨነቁ ከሆነ ደግሞ ልንገርዎ፦ የነፍስ አድን ሠራተኞች ዓይናቸውን የማይነቅሉት ከኋለኛው ዋናተኛ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ አንድ ታንኳ አጠገቡ እየቀዘፈ አብሮት ይመጣል። መሐል ላይ ተገፍትሮ ውሃ የሚጠጣው ሰው እንዲህ ያለ አጃቢ የለውም። አንዳንድ ውድድሮች ግን ከውሃ የመውጫ የጊዜ ገደብ አላቸው። ገደቡ ስንት ደቂቃ እንደሆነ ከመመዝገብዎ በፊት አዘጋጆቹን ይጠይቁ፤ ከዚያ በደረት ቀዘፋዎ 750 ሜትር ገንዳ ውስጥ በሰዓት ይዋኙና ያነጻጽሩት።